ያለፍኳቸው አራት መስመሮች

ሐሙስ፣ ጁላይ 17፣ 1969

ዛሬ ልጃችን ኖርማን እንደሞተ ነገሩን።

የጫማ ፋብሪካው ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ስለተዘጋ ቤት ነበርኩ። መጋረጃ አጥቤ በረንዳው ላይ ሳሰጣ የጦር ሠራዊቱ መኪና መንገዱ ዳር ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ወረቀት አየና ቀና ብሎ ሕንፃችንን ተመለከተ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን። ከሥራችን፣ ሁለተኛው ላይ፣ ወይዘሮ ካሮን ትኖራለች። የእሷም ልጅ ዤራር ቬትናም ነው።

ደረጃው እንጨት ነው። ማን እየወጣ እንደሆነ ሁላችንም ከእርምጃው እናውቃለን። ይህ እርምጃ የማንም አልነበረም። እርጥቡን መጋረጃ እንደያዝኩ "እመቤቴ ማርያም፣ ሁለተኛው ላይ ይቁሙ" አልኩ። እንዲህ ብዬ ነው የጸለይኩት። በሌላ እናት ላይ።

አልቆሙም።

ዓርብ፣ ጁላይ 18

ባሌ ሉሲየን ሥራ ገባ። "እቤት ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ?" አለኝ። ሃያ ዓመት አብረውት የሸመኑት ሰዎች ማሽኑን አጥፍተው ወደ ቤት መለሱት።

አስከሬኑ መቼ እንደሚመጣ አልታወቀም። ሞቱ ባለፈው እሑድ ነው ይላሉ። ባለፈው እሑድ እኔ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ አይስክሬም በልቻለሁ።

ወይዘሮ ካሮን የአተር ሾርባ አምጥታ አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ሙሪየል ለእህቴ ለአልበርቲን ቴሌግራም ላኪ ስላት "ለእሷ ደግሞ ለምን?" አለች።

"አክስቱ አይደለች እንዴ?"

"አክስት!" ብላ በሩን ድርግም አደረገችው። ትልቋ ልጄ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አሁን ደግሞ ብቸኛ ልጄ።

እሑድ፣ ጁላይ 20

ሰው ጨረቃ ላይ ወረደ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከየመስኮቱ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ካሮን ቴሌቪዥን ልትከፍት አፍራ በሩን ዘግታ ድምፁን ዝቅ አድርጋለች። ሉሲየን ወርዶ አንኳኳባት። "ክፈቺው" አላት፤ "ልጁ ይህን ነገር ሲጠብቅ ነው የኖረው።" ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አየ። እኔ አልወረድኩም።

ደረጃው ላይ ወንዶቹ ስለ ጨረቃም ስለዚያ ሴናተርም ያወራሉ። መኪናው ከድልድይ ላይ ወድቆ አብራው የነበረችው ልጅ ስለሞተችበት።

"እስኪነጋ ድረስ ለፖሊስ አልተናገረም እኮ!"

"እኔ ብሆን በሩጫ ነበር የምሄደው።"

"አንተ? አንተ ለአውቶቡስ እንኳ አትሮጥም።"

ሳቁ። ወዲያው እኛ ቤት ትዝ ሲላቸው ዝም አሉ። አንድ ሌሊት ዝም ስላለ ሰው ነው የሚያወሩት። እኔ ከማርች ጀምሮ ዝም ብያለሁ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 23

ስለ ደብዳቤው መጻፍ አለብኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ግን ልጻፈው።

አልበርቲን የምትኖረው ኬቤክ ነው፤ ከዚህ ድንበሩን ተሻግሮ በመኪና አራት ሰዓት አይሞላም። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ለፋብሪካ ሥራ ወደዚህ ስመጣ እሷ እርሻው ላይ ቀረች። ጽሕፈቷ ዶሮ የጫረው ነው። ባሌም ልጆቼም ፈረንሳይኛ ያነባሉ፤ የእሷን ግን ማንም ሊያነበው አይችልም። እኔ ብቻ፤ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነዋ ፊደል የቆጠርነው። ስለዚህ ደብዳቤዋ ሲመጣ እስከ እሑድ ይቆያል። ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ ሁሉም ገበታው ላይ እንዳለ፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ልጆቼ ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ እንዲሁ ነው። አክስታቸው በእኔ አፍ ነው የምትናገራቸው።

ማርች 16 እሑድ ነበር። ኖርማን ሊዘምት ስምንት ቀን ቀርቶት ለዕረፍት መጥቷል። የወታደር ፀጉር ተቆርጦ ጆሮው ትልቅ ሆኖብኛል። እያነበብኩ ነው፤ በረዶው ገና እንዳልቀለጠ፣ አንዷ ላም ታማ እንደዳነች። ከዚያ ይህ መጣ። በቃሌ አውቀዋለሁ።

"ለኖርማን ንገሪው፣ ደብዳቤው ደርሶኛል። ከባሌ ጋር ተነጋግረናል፣ ይምጣ። ከጎተራው በላይ ያለው ክፍል ምድጃ አለው። እዚህ ማንም አይጠይቀውም፣ የፈለገውን ያህል ይቀመጥ።"

አራት መስመር ነው። ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ አየው። ልጄ ለእኔ ሳይነግረኝ ለአክስቱ እንደጻፈ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ሉሲየን ከጎኔ ፒፓውን እየሞላ ነበር። እሱ በአርባ አራት ፈረንሳይ ዘምቶ የቆሰለ ሰው ነው። የታችኛው ሰፈር ልጅ ከዘመቻ ሸሽቶ ድንበር የተሻገረ ጊዜ "ልጁ የሸሸበት አባት መጋረጃውን ዘግቶ ይቀመጥ" ብሎ ነበር። ደግሞም አባትየውን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰላም የሚለው ሰው ጠፍቶ አይቻለሁ። አንድ ዓመት ምን አላት፣ ይመለሳል፣ አልኩ በልቤ።

ድምፄ ሳይሰበር ዘለልኩት። የሚቀጥለው መስመር ስለ ዶሮዎቿ ነበር።

ስጨርስ ኖርማን "ሌላ ምንም አላለችም?" አለኝ።

"ሁላችሁንም ሳሚልኝ ብላለች" አልኩት።

"እሺ" አለ። ተነሥቶ የሁላችንንም ሳህን አጠበ። ሳህን አጥቦ አያውቅም።

ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 31

ቀበርነው። ሣጥኑ አልተከፈተም። አብሮት የመጣው ወታደር "አይመከርም፣ እማማ" አለኝ። እሱም ልጅ ነው፤ አንገቱ ላይ ብጉር አለው።

አልበርቲን ማክሰኞ በአውቶቡስ ደርሳ ሁለቱንም ምሽት ከሣጥኑ አጠገብ መቁጠሪያዋን ስትቆጥር ቆየች። አልበርቲን ልትስማት ስትጠጋ ሙሪየል ፊቷን አዞረችባት። ሁሉም አየ። "ሐዘን ነው" አልኩ።

ዛሬ አውቶቡሱን ስንጠብቅ አልበርቲን እጄን ያዘች።

"ዴሊማ፣ ልጁ ለምን ሳይመጣ ቀረ? እኛ እኮ ክፍሉን ቀለም ቀብተን ነበር።"

"ሐሳቡን ለወጠ" አልኳት።

"እንደዚያ ለምኖኝ?"

"አባቱን አሰበ መሰለኝ።"

አለቀሰች። "አይ ጀግና!" አለች። "አይ የእኔ ጀግና!" ስታለቅስ ጀርባዋን እየደባበስኩ አጽናናኋት። እኔ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

ሥራ ገባሁ። የጫማ ምላስ እሰፋለሁ። ሁለት መቶ ደርዘን።

በጁን መጨረሻ አንድ መጽሔት ቬትናም ላይ የሞቱትን የአንድ ሳምንት ሙታን ፎቶ አውጥቶ ነበር፤ ገጽ ሙሉ የልጅ ፊት። እያንዳንዱን አይቼ፣ የእኔ የለበትም ብዬ እግዚአብሔርን አመስግኜ፣ መጽሔቱን ለድንች ልጣጭ መጠቅለያ አደረግሁት። ያ ዛሬ ከመርፌው ሥር ትዝ አለኝ። ክሩን በጠስኩት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 19

ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ወጣት ለሙዚቃ ተሰብስቦ ሦስት ቀን ዝናብ ሲወርድበት ሰነበተ። ስፌት ክፍል ወሬው ሁሉ ይኸው ነው።

"ራቁታቸውን ነው አሉ፣ ጭቃ ውስጥ!"

"ጭቃውስ ምናለ፣ አለበሳቸው።"

"እናት የላቸውም እንዴ?"

ሳቁ። እኔ ቀና አላልኩም። እናት አላቸው፣ ልጆቿ ጭቃቸውን ይዘው ወደ ቤት የሚመጡላት እናት አላቸው።

ሙሪየልና እጮኛዋ ፈርናንድ ለመሄድ ቲኬት ገዝተው ነበር። በእኛ ሐዘን ምክንያት ቀሩ። ፈርናንድ ቅዳሜውን ከሉሲየን ጋር በረንዳውን ሲያድስ ዋለ። ከኖርማን ጋር አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ ይህ ልጅ በዚህ ቤት ስንት ዓመት እንደበላ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

የአልበርቲን ደብዳቤ መጥቷል። ዛሬ መነበብ ነበረበት። ሙሪየል ወንበሯን ገፍታ ወጣች። ለሉሲየን ብቻ አነበብኩለት። ድርቆሽ አስገብተዋል። ለኖርማን ነፍስ ቅዳሴ አስቀድሳለች። እያነበብኩ ሉሲየን ከንፈሬን እንጂ ወረቀቱን እንደማያይ አስተዋልኩ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። ሁሉም ከንፈሬን ነበር የሚያዩት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 27

ተናዘዝኩ። ለካህኑ "ልጄ እንዳይሸሽ መንገድ ዘጋሁበት" አልኩት።

"ልጄ፣ ሕግ አስከበርሽ እንጂ ምን አደረግሽ? ሐዘን ነው ይህን የሚያሳስብሽ። ሦስት ሰላም ለኪ ድገሚ።"

ደገምኩ። ሦስቱም ምንም አላቀለሉልኝም። ሌላ ምንም አላለችም ወይ ብሎ እንደጠየቀኝ፣ እኔም እንደዋሸሁት፣ ለአልበርቲንም ውሸቴን እንደደገምኩላት አልነገርኩትም። ለእሱም የተወሰነውን አንብቤ የተወሰነውን ዘለልኩ። ልማድ ሆኖብኛል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

በአገሩ ሁሉ ጦርነቱ ይቁም የሚሉ ሰዎች ሥራ አቁመው ወጡ። ኮሌጁ ደወል አስደወለ። ፈርናንድ ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ እራት መጣ።

"በዚህ ቤት ጥቁር የሚያስር ልጁ የሞተበት ብቻ ነው" አለው ሉሲየን።

"የእኔስ ምኔ ነበር፣ አባባ?"

ሉሲየን ዳቦውን ገፋለት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

የኒው ዮርኮቹ ቤዝቦል ቡድን፣ ያ መሳቂያው፣ ዋንጫውን ወሰደ። ሉሲየን ሬዲዮኑን አጥፍቶ "ኖርማን እነዚህ ከሚያሸንፉ ሰው ጨረቃ ላይ ቢሄድ ይቀላል ይል ነበር" አለ። ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነበትና ወደ ጓዳ ገባ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26

ዕጣ ሊያወጡ ነው። በቴሌቪዥን። የዓመቱን ቀናት ሁሉ ዕቃ ውስጥ ከትተው እያወጡ፣ ልደቱ መጀመሪያ የወጣ መጀመሪያ ይዘምታል። ፈርናንድ ባለፈው ቅዳሜ ሃያ አንድ ሞላው። ኬክ ጋግሬለት ነበር።

ሙሪየል ሠርጉን በሜይ አስባለች።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ዘጠነኛ።

ኖቬምበር 22፣ የፈርናንድ ልደት፣ ዘጠነኛ ወጣ።

ተናገርኩ። ነገ እጽፈዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ትናንት ማታ አራታችን ነበርን። ሉሲየን፣ ሙሪየል፣ ፈርናንድ፣ እኔ። ሰውዬው እጁን ይሰድና ትንሿን ዕቃ አውጥቶ ይከፍታል፤ ውስጧ ቀን ተጽፏል። ቢንጎ ይመስላል። ፈርናንድ "አንድ ካሬ ጎደለኝ" እያለ ያስቃል። ዘጠነኛው ሲነበብ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ሙሪየል ነች ቀድማ "ድንበሩን ተሻገር" ያለችው። አባቷ ፊት። ሉሲየን አልገሠጻትም።

"ወዴት?" አላት ፈርናንድ። "ማንን አውቃለሁ?"

"እንግዲህ አክስታችን ዘንድ እንዳትል!" አለች ሙሪየል። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። "አታውቁም እናንተ። ኖርማን ለምኗት ነበር። ጽፎላት ነበር፣ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። እማዬ ያን እሑድ ስታነብ በጠረጴዛው ሥር እጄን ይዞ ነበር፤ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ። ይምጣም አላለች፣ አይምጣም አላለች። ስለ ዶሮ ጻፈች! ማታ ምን አለኝ መሰላችሁ? 'አትፍረጂባት፣ ፈርታ ነው' አለኝ።"

እስከ ትናንት ድረስ ያሰብኩት ስለ እኔ ኃጢአት ብቻ ነበር። ልጄ ማንም እንደማይፈልገው አምኖ እንደሄደ፣ አልበርቲን ደግሞ በዚህ ቤት ስምንት ወር ስትጠላ እንደኖረች ትናንት ነው የገባኝ። አይ፣ ይህም ውሸት ነው። ሙሪየል ከሣጥኑ አጠገብ ፊቷን ስታዞር ገብቶኝ ነበር።

"ይምጣ ብላለች" አልኩ።

አልሰሙኝም። ደግሜ አልኩት። "ይምጣ ብላ ጽፋለች። ምድጃ ያለው ክፍል አለ ብላለች። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።" ከዚያ አራቱንም መስመር በቃሌ አልኩላቸው፣ አንድ ቃል ሳልዘል።

ሙሪየል አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እጄን ይዞ ነበር እኮ፣ እማዬ" ብቻ አለች። ኮቷን አንሥታ ወጣች፤ ፈርናንድ ተከተላት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝ፤ እንዴት እንዳየኝ መጻፍ አልችልም።

ሉሲየን ቴሌቪዥኑን ዘጋ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትከለክለዋለህ ብዬ።"

"እኔ ራሴ ነበርኩ መኪናውን የምነዳለት" አለ።

እውነት ይሁን፣ ዛሬ የመጣለት ሐሳብ ይሁን አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። መጋረጃ ስለመዝጋት የተናገረውን ላስታውሰው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ተናጋሪው እሱ ነው፤ አንባቢዋ ግን እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ለአልበርቲን ሁሉንም ጻፍኩ። ሦስት ገጽ፤ እንዲህ ብዬ፦ "ሐሳቡን ለወጠ" ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ልጁ መልስሽን ሲጠብቅ ሄደ። አሁን ደግሞ ለሌላ ልጅ እለምንሻለሁ፤ ለእኔ ብለሽ አይደለም፤ ለእኔ ምንም አታድርጊ።

ሙሪየል የምትተኛው የፈርናንድ እናት ቤት ነው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13

ወይዘሮ ካሮን ደረጃው ላይ አግኝታኝ "ዤራር ለገና ይመጣል!" አለችኝ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። "ይቅርታሽን፣ ዴሊማ፣ ደስታዬ አስረሳኝ።"

እዚያው ደረጃው ላይ፣ በጁላይ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት እንጃ። መናገር ከጀመርኩ ወዲህ ማቆም አቅቶኛል።

የገዛችውን የድንች ከረጢት መሬት አስቀመጠች። "እኔም እኮ ሰምቻቸዋለሁ" አለችኝ። "በሬን ሲያልፉ ተመስገን ብያለሁ። ሾርባውን ይዤልሽ የመጣሁት ለዚያ ነው።"

ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ድንቹ ተንከባሎ አንደኛ ፎቅ ደርሷል።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 18

መልሱ መጣ። ፖስታው ላይ ያለው ስም የሙሪየል ነው። ጽሕፈቱም የአልበርቲን አይደለም፤ የመንደሩን አስተማሪ አስጽፋ ነው፤ ማንም የሚያነበው ክብ ክብ ፊደል። ሙሪየል መጥታ ወሰደችው። እኔ ፊት ቆማ፣ ለራሷ አነበበች። ከዚያ "ይምጣ ብላለች። ሁለታችሁም ኑ ብላለች" አለች።

ስለ እኔ የተጻፈ እንዳለ አልጠየቅሁም። ሙሪየል ግን ነገረችኝ፤ እሷ እንደ እኔ አይደለችም። "ዴሊማ ለጊዜው አትጻፍልኝ፣ ልቤ ሲበርድ እኔ እጽፋለሁ፣ ብላለች።"

ይገባኛል።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 29

ቅዳሜ ቄሱ ያለ ድግስ፣ በስድስት ሰው ፊት አጋባቸው። ዛሬ ጠዋት ሄዱ። ሉሲየን ነው የነዳው። ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የፈርናንድ ጊታር፤ ኋላ ወንበር ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ነበረ። ማንም ግቢ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የሥጋ ፓይ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ፈርናንድ ሳመኝ። ሙሪየል መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"ይቅር አላልኩሽም፣ እማዬ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

"ስንደርስ ግን ስልክ እደውላለሁ።"

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሉሲየን ነው፤ ከድንበሩ ማዶ። የድንበሩ ሰው ጊታሩን አይቶ ፈርናንድን አንድ ነገር ተጫወት ብሎት እንዳሳለፈው ነገረኝ። "አሁን ቁርጥራጭ እንጨት እየጨመሩ ምድጃውን እያሞቁላቸው ነው" አለኝ። "ክፍሉ ጥሩ ነው፣ ዴሊማ። በጣም ጥሩ ክፍል ነው።" ዋጋው እየቆጠረ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ቆየን።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 31

ቴሌቪዥኑ ዓመቱን መልሶ ያሳያል፤ ጨረቃውን፣ ጭቃውን፣ ሰልፉን፣ ዋንጫውን። ታላቅ ዓመት ነበር ይላሉ። ልጄ የለበትም፤ ለእሱ የሚበቃ ቦታ አልነበረም።

ደብተሩ ሊያልቅ አንድ ገጽ ቀርቶታል። ለማን እንደምጽፍ አላውቅም። ምናልባት ሙሪየል አንድ ቀን ታገኘዋለች፤ ምናልባት ልጆቿ። ማንም ሁኑ፣ ይህን እለምናችኋለሁ።

ለእኔ አትጸልዩ፤ ለእኔ ጊዜ አለኝ። ስሙ ኖርማን ፖሜርሎ ይባላል። ሃያ ዓመት ከአምስት ወር ነው የኖረው። ደግ ነበር፤ የከለከለችው የመሰለችውን አክስቱን እንኳ አትፍረጂባት ብሎ ነው የሄደው። ለነፍሱ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት። ስትጨርሱ ደግሞ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ በስሙ ጠርታችሁ ንገሩልኝ፤ ይምጣ ተብሎ ነበር በሉት። ይጠብቁት ነበር፣ ክፍሉንም ቀለም ቀብተውለት ነበር በሉት። እኔ ብነግረው አያምነኝም።